ፍሬኑን ማን ጠጣው?

«ይይዛል።»

«አይይዝም።»

«ይኸው ረገጥኩት እኮ፣ አቶ ዳልኬ። ድንጋይ ነው የሚመስለው።»

«ትናንት እኔ ስረግጠው ጭቃ ነበር የሚመስለው። እግሬ አስፋልት ሊነካ ምንም አልቀረውም። አስፋልት ደግሞ የለም፤ ኮረት ነው።»

ፍሬን የሚባል ነገር ጠባዩ እንዲህ ነው። ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ሞተሩን ያሞግሳል፣ ቀለሙን ያሞግሳል፣ ጥሩምባውን እንኳ ያሞግሳል፤ «ፍሬኗ እንዴት ያምራል» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። በጠፋ ቀን ግን ከእሱ ሌላ ወሬ የለም። በእኛ ግቢ ያን ዕለት ጠዋት የባሰው ነገር ደግሞ ፍሬኑ ጠፍቶ መመለሱ ነበር። ጠፍቶ ቢቀር ሁሉም በአንድ ድምፅ ያዝናል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ግን «የለም» የሚለውም «አለ» የሚለውም እውነተኛ ይሆንና ክርክሩ ማለቂያ ያጣል።

ተከራካሪዎቹን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው አባቴ አቶ ዳልኬ ነው፤ የሶዶ ነጋዴ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ፣ ሲናደድ አማርኛው የሚደናበርበት ሰው። ሁለተኛው መካኒኩ ከማል ነው፤ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው እዚህ የከተሙ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ፣ አሮጌ ብረት ሲያይ ዓይኑ የሚበራ። በመካከላቸው የቆመችው መኪናችን ናት፤ መኪና ከተባለች። ጣሊያን ሲወጣ የጣላት ትንሽ የቤት መኪና ነበረች። ከማል ጣራዋን ከወገቧ ቆርጦ ከኋላ የእንጨት መጫኛ ሠራላት፣ የጭነት መኪና ሞተር ሰጣት፣ በሽቦ ይጎተት የነበረውን ፍሬኗንም በዘይት የሚሠራ አደረገው። ከፊት ስትታይ ወይዘሮ፣ ከኋላ ስትታይ የበቆሎ ጎተራ ሆነች። ከማል ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራው በዚህ ፍሬን ነበር።

ትናንት ይህች መኪና አባቴንና አራት ጆንያ ጨው ይዛ ወደ ሁምቦ ስትወርድ ቁልቁለቱ መካከል ላይ ፍሬኗ ከዳት። አባቴ በካምቢዮ ታግሎ ታግሎ የሰው እንሰት ውስጥ አስገባት። እንሰት ደግነቱ ለስላሳ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሲሞክረው ፍሬኑ ምንም እንዳልሠራ ሰው በቦታው ተገኘ።

«መኪናው አልቆመችም» ይላል አባቴ፤ የአማርኛ አስተማሪዬ ቢሰሙት ያማቸው ነበር። «ሽቦውን እንዳለ ተወው አላልኩህም? የሠራው ጣሊያን አያውቅም፣ አንተ ታውቃለህ?»

ከማል ጎማዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። የፍሬኑን ሸራ በጥፍሩ ፋቀው፤ ገና አላለቀም። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል» አለ። «ውስጡ የሚፈላ ነገር አለ።»

እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ይህን ሰማሁ። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ለእናንተ መናገር አይከብደኝም፤ እናንተ ግቢያችን ውስጥ አልነበራችሁም።

ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት የፍሬን ዘይት ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ቀርቶ ነበር። ከማልም ሥራ ያስተማረው ጣሊያን በችግር ጊዜ ያደርግ የነበረውን አስታወሰ፤ የጉሎ ዘይት፣ ክብሪት ሲነካው ከሚነድ ዳግም አረቄ ጋር፣ እኩል በእኩል። ጉሎው ቀላል ነው። አረቄውን ግን ማን ይግዛ? አባቴ እሑድ እሑድ መጠጥን እያወገዘ ወይዘሮ አስካለ አረቄ ቤት ሊገባ አይችልም። ከማልም አይችልም። ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ተስማሙና እኔ ተላክኩ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ መዘምራን ውስጥ ነኝ፤ ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ከአስካለ በር ሦስት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው አንድ ሰካራም ከውስጥ «ነይ ግቢ፣ የኔ እህት» ሲለኝ፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ቧንቧው ድረስ ሮጠ። የያዝኩትን ጠርሙስ ውሃ ሞላሁት፤ ውሃና አረቄ በመልክ መንታ ናቸው። የአረቄውን ሳንቲም እሑድ መባ ሰጠሁት፤ ስለዚህ በዚህ ታሪክ ያተረፈ ቢኖር ጸሎት ቤታችን ብቻ ነው።

ሲሸቱት ይታወቃል ብዬ ነበር። አባቴ ጠርሙሱን እንዳይታይበት በመሸ ጊዜ ከማል ጋራዥ አስቀመጠው፤ በማግስቱ ከጉሎው ጋር ሲደባልቅ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ ነበር፤ ከማልም ሽታው እንዳይነካው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። በሁለት ጻድቃን መካከል ውሃ በሰላም አለፈ።

ከማል አሁን ጎማው አጠገብ ያለችውን ብሎን አላልቶ ፈሳሹን በብርጭቆ ተቀበለ። ወደ ፀሐይ አነሳው። ከላይ ዘይት፣ ከታች ኩልል ያለ ነገር። በጠርሙሱ የተረፈውንም ድንጋይ ላይ አፍስሶ ክብሪት ጫረበት። ክብሪቱ ጠፋ።

«ውሃ ነው» አለ።

አባቴ አሰበ። «ጠርሙሱ ያደረው አንተ ጋ ነው። አረቄ ሆኖ ገብቶ ውሃ ሆኖ አደረ። ማን ጠጣው?»

«ወላሂ፣ አቶ ዳልኬ፣ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«ታዲያ አረቄው ራሱ ንስሐ ገባ?»

አጥሩ ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ። አባቴ ሳቁ ልብ ሰጠው። «ዛሬ ገበያ ነው። ከሻንቶ የመጣውም ከቦዲቲ የመጣውም ይስማው። ከማል የሰው ፍሬን ይጠጣል።»

ከማል ቅባት የጠገበ እጁን ይመለከት ጀመር። የሰው ፍሬን ይጠጣል ለተባለ መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጣል? ይህስ ይቅር፤ ጠጪ የሚለው ስም መስጊድ ደጃፍ ድረስ ተከትሎት ሊሄድ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደግሜ አልኩት፤ በዚህኛው ጮኬ ኖሮ ዶሮዎቹ ተበተኑ። «የቧንቧ ውሃ ነው። አስካለ ቤት አልገባሁም። ፈራሁ።»

አጥሩ ላይ ሳቁ ቆመ። ከማል ብቻ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «አቶ ዳልኬ፣ ሲደባልቁት አልሸተተዎትም?»

«አረቄ ምን እንደሚሸት በምን አውቃለሁ? አንተስ?»

«እኔስ በምን አውቃለሁ።»

ተያዩ። ሁለት ሰዎች በንጽሕናቸው እንዲህ ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም።

እኔ ቅጣቴን እየጠበቅኩ ነው። አባቴ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ከማልን አየ፤ ከዚያ አጥሩ ላይ የተደረደሩትን አየ፤ ግማሾቹ የጸሎት ቤታችን ሰዎች ናቸው። ጎንበስ ብሎ ባዶውን ጠርሙስ ከድንጋዩ አጠገብ አነሳ።

ከበራችን ወደ ግራ ያለው መንገድ ጸሎት ቤት ያደርሳል። ወደ ቀኝ ያለው ከወይዘሮ አስካለ ቤት ሌላ የትም አያደርስም። አባቴ በጎረቤቶቹ ፊት አልፎ ወጣና ወደ ቀኝ ታጠፈ።