ስለት በውክልና

መኪና የሚቆመው ለማይሳፈር ሰው ነው። ይህን ከየትም አላነበብኩትም፤ ከጂንካ ተነሥቼ እስከ ጋሞ ደጋ ስሄድ በገዛ እግሬ የተማርኩት ነው። ዛሬ ከገበያ ሆስፒታል ለመድረስ ባጃጅ የሚጠራ የጂንካ ወጣት አያምነኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን፣ መንግሥት ተለውጦ ብዙ ሳይቆይ፣ እኔም አዲስ ተመዳቢ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከጂንካ መውጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ለቀናት መኪና ይጠብቃል፤ ከዚያ ሾፌር ይለማመጣል፤ ከዚያ በእህል ጆንያና በፍየል መሀል ይቀመጣል። ፍየሏ ፊቷን ወደ እሱ ካዞረችለት ዕድለኛ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ነው እንግዲህ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ መኪና አልሳፈርም ብለው የተሳሉት። ጋሽ ደምሴ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ክፉኛ ታመው ሲተኙ፣ ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን ከሆስፒታሉ አጥር ስር ቆመው፣ «ማርያም፣ እሷን ብትምሪልኝ ጋሞ ደጋ ካለው ደጅሽ በእግሬ እመጣለሁ» አሉ። እትዬ አስካለ ዳኑ። ሰፈሩ ሁሉ ተደሰተ። ጋሽ ደምሴ ግን ተደስተው ሳይጨርሱ እግራቸውን እያዩ መተከዝ ጀመሩ።

ከዚያ እትዬ አስካለ እኔ ዘንድ መጡ። «ለእኔ ብሎ የተሳለ ሰው መንገድ ላይ ቢቀር፣ የዳንኩት ለለቅሶ ነው ማለት ነው» አሉኝ። «አንተ ወጣት ነህ። ይዘኸው ሂድ፤ ይዘኸው ና። አደራ።» አደራ የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው እምቢ የሚባልበትን ቀዳዳ ሁሉ አስቦ የደፈነ መሆን አለበት።

በመነሻችን ማለዳ ሻንጣዬን ተሸክሜ ደጃቸው ቆምኩ። ጋሽ ደምሴ የንብረት ክፍል ልማዳቸው አልለቀቃቸውም፤ ከፍተው ዕቃዬን እያወጡ መሬት ላይ ደረደሩት። ሬዲዮው ተመለሰ። ትርፍ ጫማው ተመለሰ። ሁለተኛው ሱሪ ምን እንደሚሠራልኝ ጠየቁኝና አንደኛው ሲቆሽሽ እንደምለውጥ ነገርኳቸው። «ታዲያ ሁለት ቆሻሻ ሱሪ ሊኖርህ ነው» አሉ፤ እሱም ተመለሰ። የቀረልኝ ጋቢ፣ በሶ፣ የውሃ ቅልና ዱላ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ቀልሎኝ አያውቅም። አሁን ለሁለት ቀን ስብሰባ ስሄድ የምይዘው የቻርጀር ገመድ ብቻ የዚያን ጊዜ ጓዜን ያህላል።

ከከተማው እንደወጣን የመጀመሪያው መኪና ቆመ። «ላይ ውጡ» አለ ሾፌሩ። ልመና የለ፣ ደጅ መጥናት የለ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አንሥተው አመሰገኑና አሰናበቱት። የሚቀጥለውም ቆመ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ጭራሽ የፊት ወንበር አለኝ አለ። ያን ጊዜ በእኛ አገር የፊት ወንበር የሚያገኝ ወይ ባለሥልጣን ነው ወይ ነፍሰ ጡር፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ሆኜ አላውቅም። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት።

ቀይ አፈር ከተማ ልንደርስ ስንል ወደ ገበያ የሚሄድ አንድ የበና ጎልማሳ ተቀላቀለን። ለምን በእግር እንደምንሄድ ጠየቀንና ጋሽ ደምሴ ስለታቸውን በዝርዝር አስረዱት።

«ሚስት ዳነ?» አለ።

«ዳነች፣ ተመስገን።»

«አንተ ሄደ፤ ሚስት ብቻውን ቤት ቀረ?»

ጎልማሳው መልስ ሳይጠብቅ እየቀደመን ሄደ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ ማንም ተሳላሚ ብሎት አያውቅም።

ወይጦ ቆላ ስንወርድ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጋሽ ደምሴ ግራር ስር እንረፍ ሲሉኝ፣ ቀድሜ ለመጠየቅ አፍሬ ነበርና ደስ አለኝ። ግን ድንጋይ በሚያግል በዚያ ፀሐይ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ወባ ነበር። ግንባራቸውን ስዳስስ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አይሱዙ ሳንጠራው መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ጴንጤ የወላይታ ሰው ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ መዝሙር ከፍቷል። ወርዶ አያቸውና፣ «አባባ፣ ይግቡ እንጂ» አላቸው።

«ተስያለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። «እዚሁ ብሞት ደጇ እንደደረስኩ ይቆጠርልኛል።»

ለእሳቸው ይቆጠርላቸው ይሆናል። እኔ ያሰብኩት ጂንካ ስመለስ የሚቆጠርብኝን ነው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ጋሼ፣ የቀረውን እኔ ልሂድልዎ» አልኳቸው። «እርስዎ በመኪና አርባ ምንጭ ገብተው ይታከሙ፤ ከዚያ ደጇ ይጠብቁኝ። እግሩ የእኔ፣ ስለቱ የእርስዎ ይሁን።»

ጋሽ ደምሴ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «በእናንተ ዘንድ ሰው ለሰው መሄድ ይችላል?» ሲሉ ጠየቁት።

ሾፌሩ ፈገግ አለ። «በእኛ ዘንድማ አንዱ ለሁሉም ሄዶ ጨርሶታል፣ አባባ። የምንኖረው በዚያ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ጥቂት አሰቡበትና፣ «እሱ እንኳ በእኛም ዘንድ ነው» አሉ። ደግፈን ጋቢና አስገባናቸው። በሃይማኖት ነገር ሁለት ወገን እንዲህ በአጭሩ ሲስማማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ኮንሶን በእግሩ ያቋረጠ ሰው የእርከኑን ነገር አውርቶ አይጠግብም ይባላል። እኔ ያየሁት የራሴን አውራ ጣት ነው። ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ መልሶ ቋጠረ። የሚያናግረኝ ጠፍቶ መንገዱ እጥፍ ሆነብኝ፤ ሱሪዬን ያስቀሩብኝ ሰውዬ ናፈቁኝ። ስለ ነፍሴ መጸለይ እጀምርና ሁልጊዜ የምጨርሰው፣ ሰውየውን በሕይወት አቆይልኝ በማለት ነው። መኪኖቹ መቆማቸውን አልተዉም፤ እኔም እያነከስኩ እምቢ ማለቴን።

የጋሞን ዳገት ወጥቼ ከማርያም ደጅ ስደርስ የክብረ በዓሏ ዋዜማ ነበር። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ከመሀል ጋሽ ደምሴ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ግን ይስቃሉ። አንዲት መነኩሲት ከጂንካ የመጡትን እንግዳ እግር ለብ ባለ ውሃ ያጥባሉ። ጋሽ ደምሴ ሲያዩኝ በእርጥብ እግራቸው ብድግ ብለው አቀፉኝና እንባቸው መጣ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ቀሪው እግሬ ይኸውላችሁ» አሉ። መነኩሲቷ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩና ውሃ ሊቀይሩ ሄዱ።

እኔ እግሬን ስታጠብ ጋሽ ደምሴ ያቋረጡትን ወሬ ቀጠሉ። የኮንሶ እርከን በማለዳ ፀሐይ እንዴት እንደሚያምር፣ የአርባ ምንጭ ሐይቅ ከሩቅ እንዴት እንደሚያብለጨልጭ፣ የትኛው ዛፍ ላይ ምን ዓይነት ወፍ እንደምትጮህ ነገሩን። ይህን ሁሉ መንገድ በትኩሳት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን በሾፌሩ ትከሻ ላይ ጥለው ነው ያለፉት። ሕዝቡ ተመስጦ አዳመጠ። እኔም አፌን ከፍቼ አዳመጥኩ።

ጋሽ ደምሴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጆቼ ያ መንገድ ምን ይመስል ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ዛሬም የማወራላቸው ያን ዕለት ከእሳቸው የሰማሁትን ነው፤ አንዲት ወፍ እንኳ አልቀነስኩም።