ማማ ላይ የወጡት ዲሬክተር

ከወረርሽኝ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ቢኖር የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው። አትሳቁ! ወረርሽኝ እኮ ቢያንስ «ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ልጅ ወደ ቤት አይመልስም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለችው ሱቄ ደጃፍ ፖሊስ መጥቶ ቢገተር መርፌዬ አይስትም። የልጄ ዲሬክተር አቶ ደምሴ በመንገዱ ሲያልፉ ግን በሰው ሱሪ ላይ እጅጌ እተክል ነበር!

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። በዚያ ዓመት ያ ክፉ ተቅማጥ አገር ላገር ይዞር ጀመር። ሰው ስሙን መጥራት ስለፈራ «እንግዳው» ይለው ነበር። እንግዳው አጋሮ ደረሰ አሉ… እንግዳው ወንዝ ተሻገረ አሉ… ጅማ ግን ገና አልገባም። እንዳይገባም በአጋሮ መንገድ ላይ ኬላ ተቋቋመ፤ ከኬላው አጠገብ ያለ አንድ ባዶ የቡና መጋዘን ደግሞ ከዚያ ወገን የሚመጡ ቤተሰቦች ማቆያ ሆነ።

ግንቦት ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ለሚኒስትሪ ፈተና እንዲያጠኑ ትምህርት ሊዘጋ ሲል አቶ ደምሴ ወላጆችን ሰበሰቡን። ከረባታቸውን አጠበቁና እንዲህ አሉ፦

«ልጁን ይዞ ከከተማ የወጣ ወላጅ ሲመለስ ከነልጁ ማቆያ ይገባል! የተወሰነውን ቀን ሳይጨርስ የትምህርት ቤቱን በር አይረግጥም! ማቆያው ውስጥ አዲስ ሰው ከተቀላቀለ ደግሞ የሁሉም ቆጠራ እንደገና ከሀ ይጀምራል!»

ሐጂ ኑሩ እጃቸውን አወጡ። ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ዘይነባና የኔዋ ትዕግሥት ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ኤጋ አቶ ደምሴ፣ ቀብር ቢገጥመንስ?»

«ቀብርም ቢሆን!»

«ሠርግስ?»

«ሠርግማ ጭራሽ!»

«ወላሂ መሞትም መጋባትም ቀረ በሉኛ! ታዲያ ምን ተረፈን?»

«ትምህርት!»

እኔ ከኋላ ተደብቄ አንገቴን ደፋሁ። ለምን አትሉም? የታናሽ እኅቴ ሠርግ አጋሮ ላይ ተቆርጦ፣ የሙሽራዋም ቀሚስ እኔ ቤት ተሰቅሎ ነበራ! ልጄን ለጎረቤት ትቼ ልሂድ ብል ደግሞ… ስሟ ነው እንጂ ትዕግሥት እሷ ዘንድ የት አለ?

«አክስቴ ስትዳር እኔ እዚህ የወንዝ ስም ልሸምድድ?» ብላ እንባዋን ዘረገፈችው።

አሰብኩት። ቶሎ ሄደን ቶሎ ከተመለስን፣ ማቆያውን በወጉ ጨርሰን ለፈተናው እንደርሳለን። ሄድን፣ ዳርን፣ ጨፈርን፣ ተመለስን።

ኬላው ላይ የጠበቀን አባ ቢያ የሚባል ዘበኛ ነው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ፣ ማሎ፣ እባካችሁ!» ሲለን የተቆለፈ መጋዘን ሳይሆን የልጁ ድግስ ላይ የጠራን ይመስል ነበር። ገባሁ። ከጆንያ ክምር ጥግ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ያን ዕለት ጠዋት የገቡት ሐጂ ኑሩ ከነዘይነባ!

«ሐጂ! እርስዎም?»

«ዝም በይ፣ የትዕግሥት እናት። የአጎቴ ልጅ ሞቶብኝ ነው። አንቺስ?»

«ሠርግ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ የጠየቅኩት ሁሉ ተሟላ!»

የማቆያ ኑሮ ከበሽታው ይልቅ በይሉኝታ ይገድላል። ጠዋት ጠዋት ከጤና ጣቢያ የተመደበው ድሬሰር ይመጣና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ገበያ ላይ አዋጅ እንደሚያሰማ ሰው ጮሆ «የርስዎ ሆድ እንዴት አደረ?» ይላል። እናንተዬ፣ ስለ ሆዴ ለሟቹ ባሌም እንዲያ በዝርዝር አውርቼ አላውቅ! ሐጂ ግን «ሆዴስ ደህና ነው፣ ቡናዬ ነው ዝናብ እየመታው ያለ» እያሉ ያስቁናል። ልጆቹ ጆንያ ላይ ተጋድመው ያጠናሉ። እኔ ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ ሳይቀር ቀን እቆጥራለሁ። የኔ እናት ፊደል ሳታስቆጥረኝ ነው መርፌ ያስያዘችኝ፤ ትዕግሥት ይህን ፈተና ካለፈች ግን ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። ካመለጣት… እሱን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

እንደምንም ተቃረበ። በማግስቱ ልንለቀቅ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን ፈተናው ሊሆን፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ሲያጉረመርም አንድ የጭነት መኪና ኬላው ላይ ቆመ። ከላዩ አንድ ሰው ተንጠላጥሎ ወረደ። ኮት… ከረባት… ጭቃ የጠጣ ጫማ… አቶ ደምሴ!

አባ ቢያ ፊቱ በራ። «እንኳን ደህና መጡ! ግቡ፣ ማሎ!» ብሎ የመጋዘኑን በር በረገደው።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ያቺ ሲያልፉ የምትንቀጠቀጠዋ ሴት ብድግ ብላ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«አይገቡም!»

«እንዴት ማለትዎ ነው፣ ወይዘሮ?»

«አዲስ ሰው ከገባ የሁሉም ቆጠራ ከሀ ይጀምራል። ልጆቻችን ፈተና አላቸው!»

ሐጂም መጥተው ደፉ ላይ ቁጭ አሉና ምርኩዛቸውን እንደ መቀርቀሪያ አጋደሙት። «ለመሆኑ ከየት ነው የሚመጡት፣ አቶ ደምሴ?»

«ከ… ከአጋሮ።»

«ቀብር?»

አቶ ደምሴ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«ሠርግ?»

«ኧረ ገና ነው!» አሉ አቶ ደምሴ ጆሯቸው ቀልቶ። «ሽማግሌ ልኬ ነው። እነሱ መልሱን ሊጠብቁ እዚያ ቀሩ፣ እኔ ለፈተናው ብዬ…»

ዝናቡ ጀመረ። አባ ቢያ ጭንቅላቱን ያካል። «ኤጋ፣ ከተማ እንዳይገቡ ሕግ አለ። እዚህ እንዳይገቡ ሴትዮዋ አለች። እኔ የት ላድርግዎ?»

እናንተ፣ አገር ምድሩ ከዚያ መጋዘን ካልወጣሁ እያለ ሲለምን፣ ልግባ ብሎ የለመነ ሰው ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው! ውሃው ከኮታቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። በክንዴ ሥር አሾልከው ወደ ውስጥ ሲያዩ ትዕግሥትና ዘይነባ መጽሐፋቸውን እንዳቀፉ ተቃቅፈው ቆመዋል። ሁለቱም አፍጥጠው ያዩዋቸዋል፤ ማልቀስ የቀራቸው ጥቂት ነው። አቶ ደምሴ ዐይናቸውን ሰበሩና ቀስ ብለው «ልክ ናችሁ። አልገባም» አሉ።

ከአጥሩ ባሻገር የበቆሎ ማሳ አለ፤ ማሳው ውስጥ ደግሞ ጦጣ የሚጠበቅበት፣ የሣር ክዳን ያለው ማማ። አቶ ደምሴ ቦርሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው መሰላሉን ወጡና እዚያ ላይ ኩርምት አሉ። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ፣ በፍርሃቴም በኀዘኔም መካከል፣ ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩና ጋቢዬን በአባ ቢያ ዱላ ጫፍ ሰደድኩላቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ከማማው ላይ ድምፅ መጣ።

«ትዕግሥት! ዘይነባ! ከአጥሩ ሥር ኑ! የአዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?»

«አቤ ሐይቅ!» ሲሉ ሁለቱም ጮሁ።

በማግስቱም ጎህ ሲቀድ ጀመሩ። ሒሳብ በጩኸት፣ ሰዋስው በጩኸት… በየመካከሉ «የሦስት ማዕዘን ስፋት… ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ይላሉ። ሂድ የሚባለው ጦጣው ነው። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ላይ የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው እሱንም አብረው ይደግሙት ነበር። የማሳው ባለቤት እንዲህ ያለ ጠባቂ ከየት ተገኘ ብሎ እሸቱ ሲደርስ ሊልክላቸው ቃል ገባ።

ድሬሰሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሆዳችንን አስለፍልፎ ለቀቀን። ልጆቹ ተፈተኑ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም አልፈዋል። ዘይነባ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች፤ ሐጂ ለሰው ሁሉ «ከሰማይ ነው የተማረችው» ይሉ ነበር።

እኔ ግን ውጤቱን አልጠበቅሁም። ፈተናው ባለቀ ማግስት ጭኮ በቅቤ አሽቼ፣ በሰሐን ሸፍኜ ወደ ኬላው ሄድኩ። አቶ ደምሴ ጋቢዬን ለብሰው፣ ጺማቸው አድጎ፣ አሁንም ማማው ላይ ናቸው። ምግቡን ለአባ ቢያ ሳቀብል ከአጋሮ አንድ አውቶቡስ መጣና ነጫጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ወረዱ። የእሳቸው ሽማግሌዎች!

አባ ቢያ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» ብሎ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ መጋዘኑ ውስጥ ከተታቸው። መቼም የሽምግልና መልስ በጓዳ፣ በለሆሳስ ነው የሚነገረው። እነዚህ ግን ምን ያድርጉ? አንደኛው በመስኮቱ ፍርግርግ አፋቸውን አውጥተው ተጣሩ፦

«ደምሴ!»

«አቤት!»

«ተነጋገርን!»

«ምን አሉ?»

«እ?»

«ምን አሉ ነው የምልዎት!»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በመስኮት ተንጠለጠለ። ኬላው ላይ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። እኔም ሰሐኑን እንደያዝኩ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«እሺ አሉ!»

እልልታዬን ለቀቅሁት! አውቶቡሱ ተቀበለኝ፣ መጋዘኑ ተቀበለኝ። አቶ ደምሴም በደስታ ብድግ ብለው፣ ያሉበትን ቦታ ረስተው፣ ሰው መሬት ላይ እንደሚራመደው ወደ ፊት ተራመዱ…

ጭቃው ለስላሳ ነበር፣ ተመስገን። ቁርጭምጭሚታቸው ብቻ ነው የዞረው። ያ ማቆያ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ሰው በበሽታው አልተያዘበትም፤ ለሐኪም የተላከበት በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ እየሮጠ ደረሰና ከሩቅ ቆሞ፣

«ምን ሆነው ነው?» ሲል ጠየቀ።

ድሬሰሩ ግንባሩን አኮሳትሮ መለሰ፦

«እሺ ተብለው ነው!»