ባለ አንድ ማራቶኑ የጥርስ ሐኪም

አዲስ ማራቶን ሯጭ በወጣበት ቤተሰብ ውስጥ ሯጭ ያልሆነ ሰው የለም። እሱ ጎዳና ላይ ይሮጣል፤ ዘመዶቹ ከእሱ ይሮጣሉ።

የኛው ክቡር ሯጭ የእህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው የጥርስ ሐኪም፣ በዕድሜያቸው ሃምሳን የሚያንኳኩ፣ በሆድ ደግሞ ከሁላችንም የሚቀድሙ ሰው። ባለፈው ዓመት በከተማችን አንድ ማራቶን ሮጠው ጨረሱ። አንድ! እኛ ግን ያንን አንድ ማራቶን እስካሁን ሰምተን አልጨረስነውም።

ዋነኞቹ ተጎጂዎች ታካሚዎቻቸው ናቸው። አፉን ከፍቶ፣ ጥጥ ተጎስጉሶበት የተጋደመ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ክቡርነታቸው መርፌውን ከፍ አድርገው "ማራቶን እኮ በእግር አይደለም የሚሮጠው፤ በጭንቅላት ነው!" ይሉና ከመነሻው ይጀምራሉ። አንዱ ታካሚ፣ ማደንዘዣው እስኪይዝ ይህን ከምሰማ በደረቁ ንቀሉልኝ ብሎ ለመነ ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ።

ቤት ውስጥም ዕረፍት የለም። እህቴ ቆሻሻ ድፋ ስትላቸው እንኳ የእጅ ሰዓታቸውን ሳያስነሱ ከበር አይወጡም። እያለከለኩ ተመልሰው "የልብ ምቴ ግሩም ነው!" ይላሉ። እናቴ አንድ ቀን በሰቀቀን ይዛቸው "ልጄ፣ ማን ነው የሚያሳድድህ? ንገረንና እኛ እናነጋግረው" አለቻቸው። በመጀመሪያው ማራቶን የወለቀው የአውራ ጣታቸው ጥፍር ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ከምሳ በኋላ ይወጣል። አንዳንዴም ከምሳ በፊት።

የጎረቤታችን ባል የሞተ ጊዜ ግን አፈርኩ። ልናጽናናት ሄደን፣ ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው እጇን ያዙና "አይዞሽ፣ ይገባኛል። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ እኔም የሞትኩ መስሎኝ ነበር" አሏት።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ሁለተኛውን ማራቶን ሩቅ አገር፣ ባሕር ጠርዝ ላይ በተቆረቆረች ከተማ ሊሮጡ የተመዘገቡት። "ሰፈርህ ውስጥ ሮጠህ ምን ታያለህ? ማራቶን ተጉዘህ ነው የሚሮጠው!" አሉ። እህቴ ባሕር አይታ ስለማታውቅ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ሰፊ ባርኔጣ ገዛች። እኔ "የድጋፍ ቡድን" ተብዬ ተሾምኩ። ሹመቱ ሙዝ፣ ቫዝሊን፣ ፕላስተርና ትርፍ ካልሲ የያዘ ሻንጣ መሸከም መሆኑን ያወቅሁት አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ነው።

ከተማዋ ደረስን። ባሕሩ ከሆቴላችን መስኮት ሥር ነበር። ነበር ይባላል፤ መጋረጃው ተዘግቷልና።

"ሙቀት ጉልበት ይጨርሳል" አሉ ክቡርነታቸው፣ አልጋ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው። "ዛሬ አንድም እርምጃ አላባክንም።"

"እኔስ ብወጣ?" አለች እህቴ።

"አንቺ ከወጣሽ እኔም ያምረኛል።"

እኛም በጨለማው ክፍል ባዶ ማካሮኒ እየበላን ዋልን። እሳቸው የሦስት ሰው በሉ፤ "እያከማቸሁ ነው" ይላሉ። እህቴ ባርኔጣዋን እንዳደረገች በመጋረጃው ቀዳዳ ባሕሩን በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። ያን ዕለት ከባሌ አፋቱኝ ብላ ፍርድ ቤት ብትቆም የመጀመሪያው ምስክር እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ውድድሩ ተጀመረ። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ክቡርነታቸው በፊታችን ሲያልፉ በመዳፋቸው ስሞሽ እየወረወሩ፣ ልምድ ካላቸው ሯጮች ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ "በጭንቅላት! በጭንቅላት!" እያሉ ነበር። እኔና እህቴ ወደ መጨረሻው መስመር ሄደን ጥበቃ ጀመርን።

ፈጣኖቹ ገቡ። ደካሞቹ ገቡ። ከእናቴ የሚበልጡ የሚመስሉ አዛውንት ገቡ። በመጨረሻ ያቋረጡትን የሚለቅመው አውቶቡስ መጣና ሰዎች እያነከሱ ወረዱ። የኛ ሰው የለም።

እህቴ ክንዴን ጨመደደችው። "ወድቆ ነው" አለች። "አንድ ነገር ሆኗል፤ ወይኔ!"

ፊሽካ ያንጠለጠለውን አስተባባሪ ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። "የናንተ ሰው ነው? አልሳፈርም ብሎ አስቸገረን። መንገዱ ለመኪና መከፈት ነበረበት፤ የደረት ቁጥሩን ወስደን ትተነው መጣን።"

ታክሲ ይዘን በባሕሩ ዳርቻ ወደ ኋላ ሄድን። አገኘነው። የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ቀይ መብራት እየጠበቀ። አንድም መኪና በዚያ በኩል አይታይም። እሱ ግን አረንጓዴ እስኪበራ ቆሟል።

"ግባ!" ብላ ጮኸች እህቴ በመስኮቱ። "ግባ እንጂ፣ ውድድሩ እኮ አልቋል!"

"የነሱ ነው ያለቀው" አለ። መብራቱ ተቀየረ፤ እያነከሰ ተሻገረ።

እህቴ ታክሲውን አስቆመች። ከዚያ ወረደች፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ራሱ ላይ ደፋችበትና ከጎኑ መራመድ ጀመረች። "አንተ በታክሲው ሂድ" አለችኝ። ታክሲው ማቀዝቀዣ ነበረው። እውነት እላችኋለሁ፣ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነበረው። ግን ያ ሰውዬ በሴት ባርኔጣ እያነከሰ ሲሄድ አይቼ መቀመጥ አቃተኝ። እኔም ሙዜን ይዤ ወረድኩ።

ብዙ ሄድን። ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማራቶን አላወራም። ባሕሩ በቀኛችን ነበር፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ማለቂያ የሌለው።

"እንዴት ያምራል" አለች እህቴ።

ቆሞ አየው። "ጠዋቱን ሙሉ በዚህ ስሮጥ አላየሁትም እኮ" አለ። ዞር ብሎም "አንቺንም ከለከልኩሽ" አላት። እሷ ክንዱን ያዘችው።

"ጋሼ፣ አውቶቡሱ ላይ ብትወጣ ምን ነበረበት?" አልኩት።

"እኔ'ኮ" አለ፣ "ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያጨማድዳል። ሰላም ስለው እጁን ጉንጩ ላይ ይጭናል። ደስ ብሎት ወደኔ የመጣ ሰው የለም። አምና ያቺ መስመር ላይ ስደርስ የማላውቃቸው ሰዎች አጨበጨቡልኝ። አትሳቅ እንጂ።"

አልሳቅኩም። የሚያስቅ ነገር አጥቼ አይደለም፤ እኔም ባየሁት ቁጥር ጉንጬን እንደምይዝ ትዝ ብሎኝ ነው።

መጨረሻው መስመር ጋ ስንደርስ በአየር የተነፋው የመግቢያ በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል። ሠራተኞች ገመድ ይጠቀልላሉ፣ አንዲት ሴት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ትጠርጋለች። እሱ ጫማውን አጠለቀ። ባርኔጣውን ለእህቴ መለሰ። ከዚያ የቀረችውን ጥቂት ሜትር ሮጠ። ሩጫ ከተባለ ማለት ነው፤ አንዱ እግሩ ሲሮጥ አንዱ ይለምነው ነበር። እህቴ አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ላይ የነበረው ሙዝ ሸሚዜ ላይ እስኪፈነዳ። መጥረጊያ የያዘችው ሴት ምን እንደሆነ ሳይገባት መጥረጊያዋን ጥላ አብራን አጨበጨበች። የጥርስ ሐኪሙ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

ስንመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ እኔና እህቴ ከኋላው ተቀመጥን። ከጎኑ የነበረው ተሳፋሪ የተላጠ አፍንጫውን አይቶ "ለሽርሽር ነበር?" አለው።

"ለማራቶን።"

"አትለኝም! ስንተኛ ወጣህ?"

የጥርስ ሐኪሙ የመቀመጫ ቀበቶውን መነካካት ጀመረ። "ቁጥሬን ቀሙኝ" አለ በለሆሳስ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ለዓመት የለመንኩት ዝምታ ይኸው መጣ። ግን አልቻልኩትም። በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቴን አስገባሁ።

"ወንድሜ፣ እሱ አይነግርህም፤ መንገዱን ለመኪና ከፍተውበት፣ አውቶቡስ አቅርበው ለምነውት እንቢ ያለ ሰው ነው! ጋሼ፣ ከመነሻው ንገረው እስቲ።"

ዞር ብሎ አየኝ። "ከመነሻው?"

"ከመነሻው። ስትረሳ እኔ አስታውስሃለሁ።"

እህቴ ዓይኗን ጨፍና ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፋች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ምስኪኑ ተሳፋሪ አሁን ሁለት ሆንንበት።