ጌጡ የረገፈ ደብዳቤ

ጥርጣሬን እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ አልከራከራቸውም፤ ብቻ የድሮ ሰዎች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ናይሮቢን ሳያዩ መሆኑ ይገርመኛል። እዚህ ስልኩ ራሱ በየሰዓቱ «ተሸልመሻል» ይላል።

ልጄ ሶስና ኮምፒውተር ትማራለች። አሮጌ ላፕቶፗን ስትለቅልኝ ኢሜይሌን ፊደል ብቻ በሚታይበት ጥቁር ገጽ ላይ አደረገችልኝ። ቀለም የለ፣ ሥዕል የለ። ያጌጠ ደብዳቤ እዚያ ሲገባ ጌጡ ይረግፍና፣ በሥዕሉ ቦታ የሥዕሉ ስም፣ «እዚህ ይጫኑ» ከሚለው ጎን ደግሞ የሚወስድበት አድራሻ ተጽፎ ይቀራል። ሰውንም እንዲህ ማየት ቢቻል አያሰኛችሁም?

እዚሁ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ብርቄ ካናዳ ወዳለው አንድ ልጃቸው ለመሄድ ስንት ዓመት የጠበቁ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ስልካቸውን በሁለት እጅ ይዘው መጡ። ቪዛው ተፈቅዷል፣ አረንጓዴውን ተጭነው የፓስፖርት ቁጥር መሙላት ብቻ ቀርቷል ይላል ደብዳቤው። ግርጌው ላይ ክብ ሰማያዊ ማህተም። እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ፤ ማህተም ካየን ሌላውን አናነብም።

እስቲ ወደ እኔ ይላኩት አልኳቸው፤ ላኩት። በጥቁሩ ገጽ ማህተሙ ጠፋና በቅንፍ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ማህተም፣ የመጨረሻው፣ ሦስት» የሚል ስም ተገተረ። የፊተኞቹ ሁለት ማህተሞች አላምር ብለው ነበር ማለት ነው። አረንጓዴው የሚወስደው ደግሞ ወደ አንድ የጫማ ሱቅ ገጽ ነበር።

«እትዬ፣ እንዳይነኩት» አልኳቸው።

«አንቺም ትቀኛለሽ?» አሉኝና በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

ከመጸለይ በቀር ምን አደርጋለሁ። በማግስቱ፣ አረንጓዴውን ሳይነኩ፣ ቅናቴን በምስክር ሊያረጋግጡ ማታቱ በሚሉት የዚህ አገር ሚኒባስ ተሳፍረው ቪዛ ቢሮ ድረስ ሄዱ። ቢሮው ይህን ደብዳቤ አልላክንም፣ ማመልከቻዎ ገና ወረፋ ላይ ነው ብሎ መለሳቸው። እኔ ጋ መጥተው ብዙ ተቀመጡ። ይቅርታ አላሉም፤ አልጠበቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሳያስነብቡ የሚያምኑት ነገር የለም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጃቸው የላከላቸውን የእናቶች ቀን ካርድ አመጡልኝ። በስልካቸው አበባ በአበባ ነው፤ ጽሑፉም እንባ ያመጣል። እንደ ፊተኛው ወደ እኔ አስልኬ በጥቁሩ ገጽ ከፈትኩት። አበባው ረገፈ፤ ጽሑፉም ለካ ሥዕል ኖሮ አብሮ ረገፈ። በቅንፍ ውስጥ «ለእናት የተዘጋጀ መልእክት፣ አሥራ አራት» የምትል መስመር ቀረች። ከሥሯ የልጁ ስም፤ እሱ ራሱ የጻፈው ሌላ ቃል የለም።

«እውነተኛ ነው?» አሉኝ እትዬ ብርቄ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«ከልጅዎ ነው፣ እትዬ።»

አልዋሸሁም። ላፕቶፑን ግን መነጽሩ ሳይገኝ ከደንኩት።