ሙሽራው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ይሞታል

ሥራውን በአንድ ቃል መናገር ያልቻለ ሰው ሚስት ባይፈልግ ይሻለዋል። ይህን የምለው ሽማግሌ ሆኜ ስለተላክሁ ነው። ገበሬ ከሆንህ «ገበሬ ነው» ይባልልሃል፤ ነጋዴ ከሆንህ «ነጋዴ ነው»፤ እንደ እኔ አስተማሪ ከሆንህ ደግሞ «አስተማሪ ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረግ» ተብሎ በርኅራኄ ይታለፍልሃል። ጣጣው የሚመጣው የሙሽራው እንጀራ ማብራሪያ የፈለገ እንደሆነ ነው። የልጅቱ አባት ፊት ቆሞ ማብራራት የጀመረ ሽማግሌ ያለቀለት ሽማግሌ ነው።

የአጎቴ ልጅ ናትናኤል እንጀራው ማብራሪያ ይፈልጋል። አባቱ የቡሬ ሰው ነው፤ እሱ ግን አሜሪካ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ አሜሪካዊ የመድረክና የፊልም ተዋናይ ሆኗል። አምና የአባቱን አገር ሊያይ ቡሬ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ተሻምቶ ጥሬ ሥጋ አበላው። ሆዱ ከእኛ ሆድ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው በማግስቱ ታወቀ። ፍኖተ ሰላም ወስደን ክሊኒክ አስገባነው፤ መርፌ የወጋችው ህብስት የምትባል ነርስ ናት። በመርፌ የተጀመረ ፍቅር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር። ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ እንኳ ሆዱን ይዞ «ገና አልዳንኩም» እያለ ክሊኒኩን ሲመላለስ ከረመ። ጥሩ ተዋናይ መሆኑን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ቁም ነገር ሆነና ሽማግሌ መላክ መጣ። ሦስት ሆነን ሄድን። አንደኛው መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የቡሬ የቅኔ መምህር ሲሆኑ ውኃ አጠጡኝ ለማለት እንኳ ሰምና ወርቅ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ ኑሩ፣ የጨርቅ ነጋዴና የልጅቱ አባት የገበያ ወዳጅ። ሦስተኛው እኔ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪው፣ «የአሜሪካኑን ነገር እሱ ያስረዳል» ተብዬ።

የህብስት አባት ጋሽ አለኸኝ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው የገባ እንግዳ መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ሰላምታ ይሰጣል። የመጣንበትን ጉዳይ እሳቸው ያውቃሉ፤ ጎረቤቱም ያውቃል፤ ያመጣን የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር «ይቅናችሁ» ብሎናል። ሆኖም ጋሽ አለኸኝ ከሰማይ የወረድን ይመስል «ኧረ ምን እግር ጣላችሁ!» አሉ። እኛም በአንድ ድምፅ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። እሳቸው እንዴት ቆማችሁ ብለው ተቆጡ፤ እኛ እምቢ አልን፤ እንደገና ተቆጡ፤ እንደገና እምቢ አልን። እንዲያው በየትኛው የአሜሪካ መድረክ ነው እንዲህ ያለ ትያትር የሚታየው? ደግሞ ያለ ልምምድ!

መሪጌታ የልጁን ዘር ከቡሬ ጀምረው እስከ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ቆጠሩ። ሥራው ላይ ሲደርሱ ግን ቅኔያቸው አላስችል አላቸውና «ልጃችን ሲያድር ራሱ፣ ሲውል ሌላ ሰው ነው» አሉ። የጋሽ አለኸኝ ፊት ተለወጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ታዲያ ጠበል አልወሰዳችሁትም?» ብለው ጠየቁ።

እኔ ነገሩን ላድን ብዬ ዘልዬ ገባሁና «አይ ጋሼ፣ እንዲያ አይደለም፤ አክተር ነው» አልሁ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በእኛ ከተማ ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አክተር ማለት ፊልም ላይ የሚሠራ ሰው ማለት አይደለም። በአንድ ፊልም አክተር አንድ ነው። ጥይት የሚስተው፣ ከፎቅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ የሚሄደው፣ በመጨረሻም ልጅቱን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። የቀረው ወይ ወንበዴ ነው፣ ወይ የአክተሩ ጓደኛ ነው። ጓደኛውም ቢሆን አክተሩ የሚበቀልለት እንዲያገኝ ሲባል ቶሎ ይሞታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የተማርነው ትምህርት ይኸ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ይልቅም ይኸኛው አልጠፋንም። ጋሽ አለኸኝም በጎልማሳነታቸው በርበሬ ጭነው ደምበጫ ሲወርዱ ቪዲዮ ቤት ሳይገቡ የማይመለሱ ሰው ኖረዋል።

«አክተር!» አሉ ዓይናቸው በርቶ። «እንዲያ ነዋ! ታዲያ ይኸን ቀድማችሁ አትነግሩኝም? በሉ ፊልሙን ይዛችሁ ኑና እንየው።»

በቀጠሮው ቀን ሦስት ፊልም በፍላሽ ይዘን ሄድን። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። የህብስት እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የህብስት ታላቅ እህት አበባ አለች። አበባ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ዓባይ በረሃ ተገልብጦ ከሞተባት ወዲህ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ነው የምትኖረው።

የመጀመሪያው ፊልም ተከፈተ። ናትናኤል ባንክ ጠባቂ ሆኖ ብቅ ሲል ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እልልታው ሳያበቃ አንድ ጭምብል ያደረገ ሰው ደረቱን መታውና ወደቀ። ጋሽ አለኸኝ «ይነሣል፣ ቆዩ» አሉ። ቆየን፤ አልተነሣም። ሁለተኛው ላይ የቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፣ አልሆነም። ጋሽ አለኸኝ ወደ እኔ ዞረው «አስተማሪ፣ አክተር አይደል እንዴ ያልኸኝ?» አሉ። እኔ ቶሎ ብዬ ሦስተኛውን ከፈትሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ሆነ። ፊልሙ ሲጀምር ሬሳ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሁላችንም ናትናኤል ከየት ይመጣ ይሆን እያልን ስንጠብቅ ህብስት ከበሩ ጥግ ሆና «እሱ ነው፤ እግሩ ነው!» አለች።

ወይዘሮ ጥሩዬ ቀስ ብለው ዞሩና «የኔ እመቤት፣ እግሩን ደግሞ የት አወቅሽው?» አሉ። ህብስት ስለ ክሊኒክና ስለ ሕክምና ብዙ ተናገረች፤ ማንም አላዳመጣትም። እኔም ሐሳብ ለማስለወጥ ያህል እውነተኛ ሙያው መድረክ ላይ እንደሆነ፣ ትያትር ቤትም በየምሽቱ እንደሚሠራ ማስረዳት ጀመርሁ። ጋሽ አለኸኝ «እዚያስ ምን ይሆናል?» አሉኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። እዚያም ይሞታል አልሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቀንና የማታ ትርኢት ስላለ ሁለት ጊዜ ይሞታል። መሪጌታ በሰንበት ዋዜማ መሆኑን ሲሰሙ አማተቡ።

ሐጂ ኑሩ ብቻ ተከራከሩልን። «አለኸኝ፣ ሥራ እኮ ነው። አንተስ ስንቴ ነው "ከስሬ ነው የምሸጥልህ" ያልኸኝ? ከስረህ ታውቃለህ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ አለኸኝም ሊስቁ ፈልገው በሳል ሸፈኑት።

ያልሳቁት ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ሥራም ይሁን ጨዋታ እኔ አላውቅም» አሉ። «እኔ ቤት አንዲት ባል የሞተባት አለች። ለሁለተኛዋ አቅም የለኝም።» አበባ አንገቷን ደፋች። ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተነሥተን ወጣን።

ሙሽራ በገዛ ራሱ ሽምግልና ላይ አይገኝም፤ ነውር ነው። ጋሽ አለኸኝ ግን ለሦስተኛው ቀጠሮ «ራሱን አምጡት፣ ከአፉ ልስማው» ብለው ላኩብን። ቡሬ ዘመድ ቤት ሆኖ ውጤቱን ሲጠብቅ ነበርና፣ ሕመም ጠንቶበት ተስፋ የተቆረጠበት ሰው እንደሚወሰድ ወሰድነው። መንገድ ላይ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» እንደሚባል ደጋግሜ አስጠናሁት፤ እሱም የሚጫወተውን ቃል እንደሚያጠና ሁሉ አጠናው። ቤቱ ሲገባ አስነጠሰ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፣ ከዚያ ጋሽ አለኸኝን ቀጥ ብሎ እያየ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ ልጅህን ስጠኝ» አለ። መሪጌታ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ጋሽ አለኸኝ እንዳልሰሙ ሆነው አንድ ነገር ብቻ እንደሚፈልጉ ነገሩት። በእነዚህ ሽማግሎች ፊት፣ መሪጌታም ዳዊታቸውን ይዘው፣ ከእንግዲህ በፊልምም በትያትርም ላይሞት ይማልላቸው። ይኸው ነው። ሚስታቸው እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ነው።

እኔ በዓይኔ «ማል!» አልሁት። ሐጂ ኑሩ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። መማል ምን ያቃተዋል? ሰውዬው ውሸትን እውነት በማስመሰል ደሞዝ ይበላል! ናትናኤል ግን ብዙ አሰበና አማርኛውን እየፈለገ መለሰ። «መማል አልችልም» አለ። «እኔ አልመርጥም፤ ሙት ሲሉኝ እሞታለሁ፣ ገና ትንሽ ስለሆንሁ ትንሽ ነገር ነው የሚሰጡኝ። ብምል ነገ ደግሞ እሞታለሁ፤ ያኔ አንተን ዋሸሁ ማለት ነው። ለሰዎቹ ሁሉ በሥራ እዋሻለሁ፤ ለህብስት እናት ግን አልዋሽም» አለ።

ያለቀልን መሰለኝ። ህብስት ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ እንደገና አዩት፤ ከዚያ ባላቸውን አዩ። ጋሽ አለኸኝ ጢማቸውን አሻሹ።

«በል እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «መሞትህ ካልቀረ፣ ልጄ፣ እንደ ሰው ትንሽ ኖረህ መጨረሻው ላይ ሙት። ገና ሳይጀመር አትሙትብን።» ይኸ ምርቃትም ፈቃድም ነበር፤ እልልታው ከጓዳ ወጣ።

ሠርጉን አልተርክላችሁም። ከሠርጉ በኋላ ናትናኤል ተመለሰ፤ ህብስት የአሜሪካ መግቢያ ወረቀቷ እስኪያልቅ አባቷ ቤት ቀረች። ልጁም አሜሪካ ገብቶ የአማቱን ቃል ለቀጣሪዎቹ ነግሯቸው ይሆን? አላውቅም። ብቻ የሚቀጥለው ፊልሙ ላይ ስም ተሰጠው፣ ቤት ተሰጠው፣ ውሻም ሚስትም ተሰጠው። ፊልሙን በላከ ጊዜ ለህብስት ደውሎ «ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ የምሞተው መጨረሻው ላይ ነው» አላት። እሷም ለእኔ ነገረችኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተሰብስበን አየነው። ወይዘሮ ጥሩዬ የፊልሙን ሚስት ሲያዩ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ከማለታቸው በቀር ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ልጁ ይስቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ አበባ እንኳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ የፊልሙ ሙዚቃ ለዘብ አለ። ናትናኤል ውሻውን አስከትሎ በዝናብ ድልድይ ላይ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ህብስት እኔን አየችኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ። ወይዘሮ ጥሩዬ የአበባን እጅ ያዙ።

ጋሽ አለኸኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ሄደው የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀሉት።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረቤት «ኧረ ጋሼ! ከዚያስ ምን ሆነ?» አለ።

«ምን ይሆናል» አሉ ገመዱን እየጠቀለሉ፤ «ቤቱ ገባ።»