ወፈርሽ የተባለች ወታደር

(እስራኤል፣ ቤርሼባ፣ ታሃና መርካዚት፤ ዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያ። ዓርብ ረፋድ ነው፤ ወታደር ልጆች ለሰንበት ወደየቤታቸው የሚጎርፉበት ሰዓት። አምባው ልጁን ሊታልን ሊቀበል መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ። ልጅቱ ካኮረፈችው ሦስት ሳምንት ሞላት፤ እሱም እህል በወጉ ከጎረሰ እንደዚያው። ጎኑ የተቀመጠው ጎረቤቱ ገሠሠ ነው፤ "ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ" ሳይል ውሎ የማያድር፣ የሸሚዙ ቁልፍ አልገጥም ያለው ሰው። ሊመክር ነው የመጣው፤ ማን ጠራው እንዳትሉኝ።)

ገሠሠ፦ ዳቦውን ደብቅ እልሃለሁ።

አምባው፦ ዳቦው ምን አደረገ?

ገሠሠ፦ እዚህ አገር ዳቦ ይናገራል።

አምባው፦ ምን ይላል?

ገሠሠ፦ "ብዪና ወፍሪ" ይላል። አንተ አፍህን ብትይዝ እሱ ያጋልጥሃል።

አምባው፦ እናቷ ማንአለብሽ ለሷ ብላ የደፋችው ነው። ይዘኸው እንዳትመለስ ብላኛለች።

ገሠሠ፦ እንግዲያው ለኔ ስጠኝ፣ እኔ እደብቀዋለሁ።

(ተቀብሎ ጨርቁን ይፈታል፤ ከዳሩ ቆረስ አድርጎ ይጎርሳል። አምባው ቁራሹን በዓይኑ ሸኘው። ምክር ፈላጊ ምን ይላል?)

ገሠሠ፦ በል ከመጀመሪያው ንገረኝ። የወታደርነት መሐላዋን በገባችበት ቀን ምን አልካት?

አምባው፦ ሰልፉ አለቀና እየሮጠች መጣች። ጉንጯ ሞልቶ፣ ክንዷ ዳብሮ ሳያት ደስ አለኝ። "ወፍረሻል ልጄ፣ ተመስገን" አልኳት።

ገሠሠ፦ ይኸው ነው?

አምባው፦ ይኸማ በአማርኛው ነው። ጓደኞቿ ከበውን ቆመዋል። እነሱስ ለምን ደስታው ይቅርባቸው ብዬ በዕብራይስጥ ደገምኩት።

ገሠሠ፦ (ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆሞ) ምን ብለህ?

አምባው፦ "ልጄ ሽሜና ሆነች" ብዬ። ጮክ ብዬ ነው፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ።

ገሠሠ፦ በቃ፣ ልጅቱን ገድለሃታል። እዚህ አገር "ሽሜና" ስድብ ነው።

አምባው፦ ወፈርሽ ማለት እንዴት ስድብ ይሆናል? ጎንደር ወደዚህ የምንመጣበትን ተራ ስንጠብቅ ትልቋ ልጄ ትዋብ ታማ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው "ልጅህ ወፈረች" ቢለኝ እግሩን እስም ነበር።

ገሠሠ፦ ያ ጎንደር ነው፣ ይኼ ቤርሼባ ነው። ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። እዚህ ወፍራም አይባልም፤ "መሌአ" ነው የሚባለው፣ ሙሉ ማለት ነው።

አምባው፦ እሺ፣ "መሌአ ነሽ" እላታለሁ።

ገሠሠ፦ እንዳትላት። እሱም ያስቀይማል።

አምባው፦ ታዲያ ለምን ነገርከኝ?

ገሠሠ፦ እንድታውቀው ነዋ።

አምባው፦ "ደልደል ብለሻል" ብላትስ?

ገሠሠ፦ ጠረጴዛ ናት እንዴ?

አምባው፦ "ጤና ሆነሻል"?

ገሠሠ፦ ይኼ የባሰው ነው። የክሊኒካችን፣ የኩፓት ሆሊሟ ነርስም በጤና ጀምራ ነው ሆድ ላይ የምታርፈው።

አምባው፦ የማን ሆድ ላይ?

ገሠሠ፦ የሰው። (ዳቦውን ይቆርሳል።)

አምባው፦ ያንተ ላይ?

ገሠሠ፦ ሚዛን ላይ አወጣችኝና "አባባ ገሠሠ፣ ትንሽ መቀነስ አለብን" አለች። "አለብን" ትላለች፣ እሷ እንደሆነች ክር ናት። ያኔውኑ ወጥቼ ሌላ ክሊኒክ ተመዘገብኩ።

አምባው፦ ክሊኒክ የቀየርከው ለቤትህ ስለሚቀርብ ነው ብለኸኝ አልነበር?

ገሠሠ፦ ወሬው ስለኔ አይደለም። እዚህ አገር ሴት ልጅን የሚያስደስታት አንድ ቃል ነው፤ "ከስተሻል" ነው።

አምባው፦ ልጄን ነው ከስተሻል የምላት? እርግማን ነው እኮ።

ገሠሠ፦ እዚያ እርግማን፣ እዚህ ምርቃት። በል አሰማኝ።

አምባው፦ ከ... ከስተሻል።

ገሠሠ፦ ፈገግ በል እንጂ። ለቅሶ የደረስክ አስመሰልከው።

አምባው፦ አፌ እምቢ አለኝ።

ገሠሠ፦ ይለምዳል። ሠላሳ ዓመት...

አምባው፦ ኖረህበታል፣ አውቃለሁ።

(አውቶቡሱ ገባ። ሊታል ቦርሳዋን አንግታ ወረደች፤ ጉንጯ እንደሞላ ነው። አምባው ያጠናትን አንዲት ቃል እንዳትጠፋበት ከንፈሩን ገጥሞ ቆመ። ዛሬም ብትዘጋው እናቷን በምን ዓይኑ ሊያያት ነው?)

ሊታል፦ ሻሎም አባ።

አምባው፦ ሊታል... ከስተሻል ልጄ።

ሊታል፦ (ፊቷን ዳብሳ) ከሳሁ? የታመምኩ እመስላለሁ?

አምባው፦ (ወደ ገሠሠ ጠጋ ብሎ) አሁንስ?

ገሠሠ፦ (አፉ ዳቦ ሞልቶ) ድገምላት። ደስ ብሏት ነው።

አምባው፦ በጣም ከስተሻል። አጥንትሽ ብቻ ነው የቀረው።

ሊታል፦ አባ፣ ተው። ለትዋብ ደውዬ ነበር፤ ሁሉን ነገረችኝ። ጎንደር ስትታመም፣ ሰው "ወፈረች" እንዲልህ ብለህ በር ላይ ቆመህ ትጠብቅ ነበር አለች። እኔ አላወቅኩም። በቃ፣ ያን ቀን ያልከኝን በለኝ። በዕብራይስጥ ግን አትድገመው።

አምባው፦ (ገሠሠን ሳያይ) ወፍረሻል ልጄ። ተመስገን።

(አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰውየው አለቀሰ፣ ምን ነውር አለው? ከዚያ ሊታል ታላቅ ሰው ሳትሳለም መቅረቷ ትዝ አላት። ለገሠሠ እንደ ወጉ ጎንበስ አለች፤ ትዋብ በስልክ ያስጠናቻትን አንድም ሳታጓድል አወረደችው።)

ሊታል፦ አባባ ገሠሠ፣ እሰይ፣ ወፍረዋል። ተመችቶዎታል።

(ገሠሠ ያኘከውን ዋጠ። ሆዱን ሳብ፣ ፍርፋሪውን ከሸሚዙ አራገፍ አደረገ።)

ገሠሠ፦ ለኔ ነው?

ሊታል፦ ለርስዎ ነው። በጣም ወፍረዋል።

አምባው፦ ምርቃት ነው ገሠሠ። ልጅቱ ወግ ተምራ መጥታ ነው።

ገሠሠ፦ ሰው በተሰበሰበበት? ሾፌሩ እየሰማ?

(ጨርቁን አምባው እጅ ላይ ጣል አድርጎ ዞር ሳይል ሄደ። ከድፎው የተረፈው ሩቡ ነው። ሊታል ቆርሳ ጎረሰች፤ ዓይኗ ግን እሱ በሄደበት ቀረ።)

ሊታል፦ ተቀየሙ እንዴ? ምን አጠፋሁ?

አምባው፦ ምንም አላጠፋሽ። ሠላሳ ዓመት ኖሮበት አገሩን አውቆት ነው። ሦስት ሳምንት ስጪው፣ ይበርድለታል።