ሪባኑ ያልተቆረጠለት አምቡላንስ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ውሸት ከተገኘበት ጥርሴ አንድ በአንድ ይርገፍ።

በዚያ ዓመት መንግሥት የእናቶችን ሞት ሊያስቆም ቆርጦ ተነሳና የጤናውን በጀት በሦስት እጥፍ አሳደገው። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊም፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ሠራተኛውን ሰብስበው «በጀት ሲወጣ ሞት ይወርዳል!» ሲሉ አወጁ። ተጨበጨበ። ሞት ብቻ ሰርኩላሩ ስላልደረሰው እንደ ወትሮው ይመላለስ ነበር።

በጀቱ አልባከነም፤ ባከነ የሚል ምቀኛ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቅስት ቆመ፤ ቅስቱ ላይ «እናት እየወለደች አትሞትም» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጻፈ። ለስብሰባ አዳራሹ ተሽከርካሪ ወንበሮች መጡ። አዋላጇ ጓንት ብትጠይቅ፣ ጓንት በሚቀጥለው ምዕራፍ እንደተያዘ በትህትና ተነገራት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ አምቡላንስ መጣ፤ ነጭ፣ ወገቡን በቀይ ሪባን የታሰረ፣ የነዳጅ ቋቱ፣ ሰልባትዮው፣ እስከ አፉ የተሞላ። የክብር እንግዳው መጥተው ሪባኑን እስኪቆርጡ ግን ንክች አይደረግም ተባለ። እንግዳው ሥራ በዝቶባቸው አምስት ወር ዘገዩ። ሾፌሩ አምስት ወር ሙሉ መኪናውን ሲወለውል ከረመ፤ ሳይነዳ እንደሱ የደከመ ሾፌር ታይቶ አይታወቅም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሾፌሩ ሚስት ምጥ ይዟት መጣች። ልጁ በሰላም ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ያላትን ሁሉ ሞከረች፤ ያላት ብዙ አልነበረም። ሆስፒታሉ የሠላሳ ደቂቃ መንገድ ነው። እትብት የቆረጠችበትን መቀስ እንደያዘች ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች። ኃላፊው ንግግር እየተለማመዱ ነበር፤ እንግዳው ያንኑ ዕለት ሊመጡ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናውን ይፍቀዱልኝ፤ ሴትዮዋ ደሟ እያለቀ ነው!»

«ሲስተር፣ ሐሳብሽን በአዎንታ እንቀበለዋለን። ግን ያልተመረቀ መኪና እንዴት ብሎ ሰው ያመላልሳል?»

«ስንት ሰዓት ነው የሚመረቀው?»

«ዘጠኝ ሰዓት። እስከዚያ አረጋጊያት።»

«እሷስ ትረጋጋ፤ ደሙን ማን ያረጋጋልኝ?»

«እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው!» አሉ ኃላፊው ፊታቸው በርቶ። «የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ትሆናለች። ፎቶም ትነሳለች።»

አዋላጇ ወደ ግቢው ሮጠች። ሾፌሩ መኪናው አጠገብ ደርቆ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ቁልፍ፣ በሌላው መወልወያ ጨርቅ።

«ሲስተር፣ ከሥራ ያባርሩኛል...»

«እሷ ከሞተች ለማን ልትሠራ ነው፣ አንተ ደንቆሮ? ግባ!»

በእትብት መቀሷ ሪባኑን ቀጭ አደረገችው። ሴትዮዋን ከነፍራሿ ጫኗት። መኪናው በቅስቱ ሥር እንደ ጥይት ወጣ፤ የሠላሳ ደቂቃውን መንገድ በአሥራ ስምንት ጨረሰው። ሴትዮዋ ደም ተሰጣት፤ ተረፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳው ሲደርሱ የሚመረቅ መኪና የለም። ኃላፊው ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ ሪባኑን ቀጥለው በሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች መሃል ወጠሩትና አስቆረጡ። ሪፖርቱም «በበጀቱ ማደግ የአንዲት እናት ሕይወት ተርፏል» ብሎ ወደ በላይ አካል ሄደ። አዋላጇ ሪባን በማበላሸት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

ታሪኩ ይኸው ነው። ቅስቱም፣ ወንበሮቹም፣ ማስጠንቀቂያውም እውነት ናቸው። ለጥርሴ ስለምሳሳ ግን አንዲት ነገር ልናዘዝ፤ ሰልባትዮው ሙሉ ነበር ያልኩት ከራሴ ነው። ነዳጁማ እንደ ጓንቱ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነበር የተያዘው፤ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።